ራሱን የሚያድን አውሮፕላን ለተገዛለት ለማጅ መምህር ምን ያደርግለታል?

በሪሞት የሚመሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን የምናበር ሰዎች በኢንተርኔት የምንወያይበት መድረክ ላይ ክሩን (ተከታታይ ውይይቱን) የከፈተው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አባት ነው። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ለገና ኢፍላይት አፕሬንቲስ ገዝቶላታል፤ ከፎም የተሠራ፣ በባትሪ የሚሄድ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የለማጅ አውሮፕላን። ውስጡ ጃይሮ (የክንፉን አቀማመጥ እየለካ የሚያስተካክል መሣሪያ) ስላለው በጀማሪ ሞድ ሲበር ከልኩ በላይ አያጋድልም፤ የሪሞቱን ስቲክ (መምሪያ ዘንግ) ሲለቁት ክንፉን ራሱ ያቃናል፤ ሲጨንቅ ደግሞ የሚጫኑት ቁልፍ አለው። አባትየው የጠየቀው በቀጥታ ነው። አውሮፕላኑ ራሱን የሚያድን ከሆነ፣ ቤት ውስጥም ሲሙሌተር (በኮምፒውተር የማብረር መለማመጃ) ካለ፣ ክለብ መመዝገብና የማያውቁትን ሰው አስተምረን ማለት ለምን አስፈለገ? ሰፈራቸው አጠገብ ሰፊ የትምህርት ቤት ሜዳ ስላለ፣ በረዶው ሲቀልጥ ከልጁ ጋር እዚያው ሊጀምሩ አስበዋል።

እኔ ከዋሽንግተን ራቅ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ስለዚህ ክሩን ከመጀመሪያው ተከታትዬዋለሁ፣ መሐልም ገብቼበታለሁ። ብዙ ጠቃሚ ነገር በክርክሩ ውስጥ ተበታትኖ ስለቀረ ነው እዚህ የማሰባስበው።

1ኛው ምላሽ ከቨርጂኒያ የመጣ ነው፤ ሞቅ ያለና ወንድማዊ። ሰውየው ያንኑ አውሮፕላን ገዝቶ ከወንድ ልጁ ጋር ያለ ማንም እርዳታ እንደተማረ፣ አባትየውም ሳይፈራ እንዲጀምር መከረ። የመረጠው ቀን ንፋስ አልባ ማለዳ እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ አልፏል። ለእኔ የምላሹ ቁም ነገር ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

2ኛው አውሮፕላኑን ትቶ ሜዳውን ያዘ፤ ከክሩ ሁሉ አስቀድሞ መነበብ ያለበትም እሱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው እነዚህ ሰፈሮች በሙሉ በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ገደማ በሚሸፍነው የተከለከለ ክልል ውስጥ ናቸው። እዚያ ውስጥ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በተለይ ካልፈቀደ በስተቀር ሰው አልባ በራሪ ከሜዳም ከጓሮም ማስነሳት አይቻልም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ግን ሕጉን ጠብቆ ማብረር ይቻላል፤ ከ400 ጫማ ሳያልፉ፣ አውሮፕላኑን ከዓይን ሳያርቁ፣ የምዝገባ ቁጥሩን ውጪው ላይ ጽፈው። ጸሐፊው የቀረውንም ዘረዘረ። ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ሁሉ ይመዘገባል፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ሲሆን ለመዝናናት ለሚበሩት አውሮፕላኖች ሁሉ አንዱ ምዝገባ ይበቃል። ባለቤቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ የሚያስመዘግበው ሌላ ሰው ነው። ትረስት የሚባለው አጭር የደህንነት ፈተና በነጻ በኢንተርኔት ይወሰዳል። ሪሞት አይዲ ደግሞ አለ፣ በራሪው ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በራዲዮ እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ደንብ፤ ብዙ የክለብ ሜዳዎች ከእሱ ነጻ ተደርገው የጸደቁ ስለሆኑ ለጀማሪ ራስ ምታቱን ይቀንሱለታል።

በ3ኛው ላይ አባትየው ተመለሰ፤ ቅር ብሎታል። ለልጅ የተገዛ መጫወቻ እንዴት ከድሮን እኩል ይታያል ነው ነገሩ። 4ኛው ምላሽ አልራራለትም። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አፍንጫው ላይ ሥጋ የሚቆርጥ ፕሮፔለር የሚሽከረከር ነገር መጫወቻ እንዳልሆነ፣ ይህን ያላመነ ሰው ልጅ አጠገቡ ማቆም እንደሌለበት ጻፈ። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን እውነት ነው። ባትሪው ከተሰካባት ቅጽበት ጀምሮ ፕሮፔለሩ ሊዞር ይችላል ብሎ መቆም፣ እጅንም ፊትንም ከፊቱ ማራቅ ጀማሪ ገና ስቲክ ሳይነካ የሚማረው ነው።

5ኛውን የጻፈው አዲስ አበባ ያለ ወጣት ነው። ክንፉን ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከሚገዛ የፎም ሰሌዳ ይቆርጣል። አገር ቤት ለዚህ ሥራ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ያለ ፈቃድ ከውጭ ዕቃ ማስገባትም ዕቃውን ማጣት መሆኑን ካስጠነቀቀ በኋላ ጥያቄውን አቀረበ። አውሮፕላኑ በቪዲዮ እንደሚያያቸው ቀስ ብሎ አያርፍም፤ ሲያዘገየው ክንፉ በድንገት ይወድቅበታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

6ኛው በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ስለሚያንስ ሞተሩ እየደከመ ነው ብሎ መለሰ። 7ኛው አረመው፤ እርማቱም በጨዋ ቋንቋ ነበር። ኦክስጅን የሚጎድለው ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። የአዲስ አበባው ችግር አየሩ ራሱ መሳሳቱ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን በአየር ላይ ለመቆየት ከአሥር በመቶ በላይ ፈጥኖ መብረር አለበት፤ ለመነሳት ረዘም አድርጎ ይንደረደራል፤ ሲያርፍም ይሮጣል። መፍትሔው ክብደት መቀነስና የክንፍ ስፋት መጨመር ነው። ፕሮፔለሩንም አንድ ኢንች ማሳደግ ይቻላል፤ በስስ አየር ሞተሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ስለሚቀንስ ጭማሪውን ይችለዋል፤ ቢሆንም ሙቀቱን በእጅ እየነኩ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። አዲስ አበባ ላይ ለሚጀምር ሰው የማለዳው ብርድ ወዳጁ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሞቅ አየሩ ይብስ ይሳሳል፣ ንፋሱም ይነሳል።

8ኛው ከዱባይ፣ አጭር፦ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተውም፣ ያብጣል፣ ይቃጠላልም። ማንም አልተከራከረውም።

9ኛውን እኔ ጻፍኩ፤ የአባትየው ዋና ጥያቄ እስከዚያ ድረስ ያለ መልስ ቆሞ ነበርና። ጃይሮው ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወመውም። ግን የሚያውቀው የክንፉን አቀማመጥ ብቻ ነው። ንፋስ አውሮፕላኑን እየገፋ ከሜዳው እንዳወጣው አያውቅም፤ ዛፍ ፊቱ እንዳለ አያውቅም፤ አብራሪው ከርቀት የተነሳ አፍንጫውን ከጭራው መለየት እንዳቃተው አያውቅም። ክንፉን ቀጥ እንዳደረገ ዛፉ ውስጥ ይገባል። ለማጅን የሚጥለው የጣት ቅልጥፍና ማነስ አይደለም፤ ዓይኑ ነው። አውሮፕላኑ ከእሱ እየራቀ ሲሄድ ቀኝ ቀኝ ነው፣ ግራም ግራ። ዞሮ ወደ እሱ ሲመጣ ግን ይገለበጣል፤ ለማጁ ሊያቃናው ሲል ይበልጥ ያጋድለዋል፣ በደነገጠ ቁጥር ስቲኩን ይጨምርበታል። ለዚህ የምሰጣቸው ማዘዣ አንድ ነው። አውሮፕላኑ ወደ አንተ ሲመጣ የትኛው ክንፍ እንደወረደ እይ፣ ስቲኩን ወደዚያው ወደወረደው ክንፍ ግፋ። ማሰብ አያስፈልገውም፣ ደግፎ ማንሳት ነው። ሲሙሌተር ለዚህ ልምምድ ዋጋ አለው፤ በኮምፒውተር ቁልፍ ሳይሆን ትክክለኛውን ሪሞት በዩኤስቢ ሰክቶ ከሆነ።

መምህሩ የሚሠራው ደግሞ ይሄ ነው። ሁለት ሪሞት ይገናኛል፤ ድሮ በገመድ፣ ዛሬ በአብዛኛው ያለ ገመድ። መምህሩ ጣቱን ስፕሪንግ ባለው ማብሪያ ላይ ያደርጋል። ማብሪያውን እስከያዘው ድረስ የሚያበረው ተማሪው ነው፤ ጣቱን ባነሳባት ቅጽበት አውሮፕላኑ በመምህሩ እጅ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ አሠልጣኙ እግር ሥር እንደነበረው ሁለተኛ ፍሬን ማለት ነው። ጥበቡ ግን ማብሪያው ላይ አይደለም፣ መቼ እንደሚለቀቅ ማወቁ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚነጥቅ መምህር ተማሪው ስህተቱን ሲያርም እንዳያይ ያደርገዋል። ተማሪው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚያየው ጥፋቱን እንጂ መውጫውን አይሆንም። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ አውሮፕላኑን 60 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ትሪሙን (ስቲኩ ሳይነካ ቀጥ ብሎ እንዲበር የሚያደርገውን ማስተካከያ) ያስተካክላል፣ ከዚያ ይሰጣል። በዚያ ከፍታ ተማሪው ቢሳሳት፣ ስህተቱን ራሱ ሊያርም የሚችልባቸው ሰከንዶች አሉት። መምህሩ ዝም ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የትኛው ክንፍ እንደወረደ ብቻ ይናገራል። ሲለማመዱ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እኩል መዞር ይገባል፤ ለማጅ ሁሉ የሚመቸው ጎን ስላለው ካልተጠነቀቁለት ሌላውን ሳያውቅ ይቀራል። ከዚያ ስምንት ቁጥር፣ ከዚያ ማኮብኮቢያው ላይ ዝቅ ብሎ ሳያርፉ ማለፍ፣ ደጋግሞ። ማረፍ መጨረሻ ነው። ማረፍ ላይ ደግሞ ከፍታን ትሮትል (የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ)፣ ፍጥነትን አፍንጫ ይወስናሉ። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ጋ የማይደርስ ሲመስል የለማጅ እጅ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) ይጎትታል፤ አፍንጫው ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ አንዱ ክንፍ ይወድቃል። የሚያስፈልገው ጥቂት ትሮትል ነበር። ይህን ልማድ ከአንድ ሰው እጅ ውስጥ የሚያወጣ ጃይሮ አላየሁም።

10ኛው ምላሽ ፍራንክፈርት የምትኖር እናት ነች፤ ከልጇ ጋር አብራ የተማረች። እሷን የረዳት ሌላ ዘዴ ነው። አውሮፕላኑ ወደ እሷ ሲመጣ ሰውነቷን ወደሚበርበት አቅጣጫ አዙራ፣ በትከሻዋ ላይ ዞራ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ ቀኝና ግራው አይገለበጥም። ዘዴው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሠራል፤ ብዙ ከቆዩበት ግን አንገት ጠምዝዞ መማርን ልማድ ስለሚያደርግ እኔ ቶሎ እንዲተዉት ነው የምመክረው። ጀርመን ውስጥ የኃላፊነት መድን ሳይገቡ ማብረር ሕገ ወጥ መሆኑንም አስታወሰች፤ እዚያ ያላችሁ ልብ በሉ።

11ኛው ላይ በክሩ ሁሉ ጋሼ የሚባሉት አዛውንት ገቡ። እሳቸው የተማሩት በበልሳ እንጨት አውሮፕላንና ሜታኖል በሚያቃጥል ሞተር ነው፤ ሪሞቱም በ72 ሜጋኸርትዝ የራዲዮ ሞገድ የሚሠራ ነበር። 50 ቻናል ነበረ፤ ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ይወርዳል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሰሌዳ ይቆማል፣ በየቻናሉ ቁጥር የተጻፈበት የልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል፤ መቆንጠጫውን ያልያዘ ሪሞቱን አይከፍትም። ጋሼ ይህን ያነሱት ለትዝታ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ብቻውን የሚማር ሰው የሰውንም አውሮፕላን ስለሚጥል ሁሉም በመምህር ይማር እንደነበር፣ ዛሬ ሪሞቶቹ የሚሠሩበት 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ያን ጣጣ ስላስቀረው ሰው ብቻውን መሄድ መጀመሩን ለማሳየት ነው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ጥልቁ ሐሳብ ይህ ነው።

12ኛው አትላንታ ያለ ልጅ ነው፤ አንተ እያለ መለሰላቸው። ታሪክ ለሙዚየም እንደሚሆን፣ የእንጨት አውሮፕላን ተከስክሶ ለሳምንታት ሲጠገን የኖረ ትውልድ የዛሬን ፎም ሊያስተምር እንደማይችል፣ እኔንም ጨምሮ ክለብ ክለብ የምንል ሰዎች አዲስ ሰው የምናባርር እንደሆንን ጻፈ። 13ኛው ለጋሼ ባሳየው አነጋገር ቆጣ ብሎ ገሠጸው። ልጁ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። አዲስ የመጣን ሰው ሰላም ሳይሉ የሚያዩ፣ ልጅ ይዞ የመጣን እናት የሚያስቆሙ ሜዳዎች አሉ፤ ያ መታረም አለበት። የሚታረመው ግን መምህር በመተው ሳይሆን ደግ መምህር በማብዛት ነው።

14ኛው አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ክሩም እዚህ ላይ ጋለ። አውሮፕላን ከንፋስ ጋር ሲዞር ንፋሱ ከኋላ ስለሚመታው የሚያነሳውን አየር ያጣል፣ ስለዚህ ለማጅ ወደዚያ እንዳይዞር ማስተማር ያስፈልጋል አለ። 15ኛው ይህ ስንት ጊዜ የተቀበረ ተረት ነው ብሎ አፌዘበት፤ 16ኛው የገዛ ዓይኑን እንጂ የሰው ቲዎሪ እንደማያምን መለሰ። ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረው። ነገሩን ለይቼ ላስቀምጠው። ንፋሱ የማይለዋወጥ እስከሆነ ድረስ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ ነው የሚበረው፤ አየሩ ሁሉ አብሮ ስለሚሄድ ንፋሱ ከየት እንደመጣ አይታወቀውም። የሚታወቀው መሬት ላይ ለቆመው ሰው ነው። አውሮፕላኑ ከንፋስ ጋር ሲሄድ ከመሬት አንጻር ይፈጥናል፤ ለማጁ በጣም ፈጠነ ብሎ ትሮትሉን ይቀንሳል ወይም አፍንጫውን ያነሳል፣ ያኔ አውሮፕላኑ እውነትም ይወድቃል። ስለዚህ 16ኛው ያየው መውደቅ እውነት ነው፣ 15ኛው ያቀረበው ምክንያትም እውነት ነው። ለማጁ ወደዚያ አትዙር መባል የለበትም፤ ሲዞር ትሮትሉን እንዳይነካ ነው የሚነገረው። መሬት አጠገብ ግን ንፋሱ በከፍታ ስለሚለያይ ዝቅ ብሎ ከመዞር መቆጠብ ለማንም ይበጃል።

በ17ኛው የቨርጂኒያው ሰው ተመልሶ ወሬውን ወደ ጥገና ወሰደው። የተጨፈለቀ የአፕሬንቲስ አፍንጫ የፈላ ውኃ ሲፈስበት ያብጥና ወደ ቅርጹ ይጠጋል፤ እውነት ነው፣ ያ የፎም ዓይነት እንደዚያ ነው። የአዲስ አበባው ወጣት በ18ኛው እሱ በፎም ሰሌዳው ላይ ሱፐር ግሉ ቀብቶ ፎሙ እንደቀለጠበት ጠየቀ፤ ለዚያ ዓይነት ፎም ተብሎ የተሠራ ሙጫ ወይም የሙጫ ሽጉጥ እንዲጠቀም፣ ሽጉጡንም ከልክ በላይ እንዳያግለው ተነገረው።

19ኛው እንደገና አባትየው ነው፤ ቁጣው በርዷል። ከ15 ማይሉ ውጭ ያለ ክለብ አግኝቶ ደውሏል፤ ልጁን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ልጁ ግራኝ ናት፤ ትሮትሉ በቀኝ እጅ የሚሆንበትን የሪሞት ዓይነት፣ ሞድ 1ን፣ ይግዛላት?

20ኛው አዎ አለ፤ ጃፓን ውስጥ ብዙዎች በሞድ 1 እንደሚያበሩም ጠቀሰ። 21ኛው የእኔ ነው፤ አልተስማማሁም። አሜሪካ ሜዳ ላይ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል ሞድ 2 ነው የሚያበረው፤ ትሮትልና ራደር (አፍንጫውን ወደ ጎን የሚያዞረው) በግራ፣ ኤሌቬተርና ኤለሮን (ክንፉን የሚያጋድለው) በቀኝ። የመጻፊያ እጅ ለዚህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ሁለቱም እጅ ከባዶ ነው የሚማረው። ሞድ 1 ከተማረች ግን አጠገቧ ያለ ሰው ሪሞቷን ተቀብሎ ሊያሳርፍላት አይችልም። ስለዚህ ሞድ 2 ይሁንላት፤ ጣቷ አጭር ከሆነ ስቲኩን በአውራና በጠቋሚ ጣት ትያዘው፣ ሪሞቱም በአንገት ማንጠልጠያ ይደገፍ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ የምዝገባ ቁጥሩን አውሮፕላኑ ላይ ጽፎ፣ የትረስት ወረቀቱን አትሞ፣ ባትሪዎቹን በዚያው ማለዳ ሞልቶ ይምጣ። ባትሪውን ሲሰካ አውሮፕላኑን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ አይንካው፤ ጃይሮው ቀጥታው የቱ እንደሆነ የሚለካው በዚያች ጊዜ ነው። ከዚያ ልጅቷ ራሷ ስቲኩን ወደ ቀኝ ገፍታ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ መነሳቱን ታረጋግጥ፤ የቀረውን ከመምህሯ ጋር ይቀጥሉበታል።